አይስላንድን በፌብሩዋሪ በካምፐር ቫን መዞር፦ 7 ቀን ይበቃል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከባለቤቴ ጋር በፌብሩዋሪ አጋማሽ ለ7 ቀን አይስላንድ ልንሄድ ትኬት ቆርጠናል። ካምፐር ቫን ተከራይተን፣ እዚያው መኪናው ውስጥ እያደርን ደሴቷን በሪንግ ሮዱ ሙሉ በሙሉ ልንዞር አስበናል። በበጋ በ7 ቀን የዞሩ ሰዎች አሉ። በበረዶ ላይ የመንዳት ትንሽ ልምድ አለኝ፤ ብርዱንም እንችለዋለን። ዕቅዱ ያስኬዳል? ምን እንያዝ?»

ሰላም ወንድሜ፣ ሰላም ለባለቤትህም። ሥራዬ በዚህች ደሴት እንግዳ ይዞ መዞር ነው፤ ክረምት ከበጋ። ስለዚህ ሳላለባብስ ልንገርህ። ዙሩን ተዉት፣ ጉዞውን ግን አትተዉት። 7 ቀን ለደቡቡ ዳርቻ ደርሶ መልስ ግሩም ጊዜ ነው። ለሙሉ ዙር ግን በፌብሩዋሪ አይበቃም።

ሪንግ ሮዱ፣ ማለትም 1 ቁጥር መንገድ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በ1974 በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን ሰፊ አሸዋማ ሜዳ የሚያቋርጡት ድልድዮች ሲያልቁ ነው ሙሉ ዙር የሆነው። ለ7 ቀን ብታካፍለው በቀን 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በበጋ ዞርን ያሉህም አልዋሹም። በክረምት ግን ቁም ነገሩ ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን መንገዱ ክብ መሆኑ ነው። ግማሹን ካለፍክ በኋላ ወደፊት መቀጠሉም ወደኋላ መመለሱም እኩል ይረዝማል። ከፊትህ ያለው ተራራ በማዕበል ቢዘጋ ከኋላህ ያለው ሜዳም በዚያው ማዕበል ሊዘጋ ይችላል። አውሮፕላኑ ደግሞ አይጠብቅህም። ሰው ትልቁን አደጋ በገዛ እጁ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው፤ «ዛሬ ካልደረስን በረራው ያመልጠናል» ይልና መግባት የሌለበት መንገድ ውስጥ ይገባል። ደርሶ መልስ ከሆነ ግን አየሩ ሲከፋ ባለህበት ታድራለህ፣ ወይም በምታውቀው መንገድ ትመለሳለህ። ሳታየው የሚቀር ነገር ይኖራል፤ ከዚያ በላይ የምታጣው የለም።

አሁን ወደ ብርዱ። እንችለዋለን ብለሃል፤ ትችሉታላችሁ። ሞቃት የባሕር ሞገድ ደሴቷን ስለሚነካት ሬይክያቪክ በክረምት አማካይ ሙቀቷ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣጣው ግን ይኸው ዜሮ ዲግሪ ነው። ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል፣ በነጋታው ዝናብ ይዘንብበታል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የደረሰ ደረቅ በረዶ ላይ ጎማ የተሻለ ይይዛል። ዜሮ ላይ ያለ፣ ከላዩ ስስ ውሃ የተኛበት በረዶ ላይ ግን ፍሬን ብትረግጥም መኪናው የራሱን መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ትንበያው ላይ «ነገ ሞቅ ይላል» የሚል ስታይ ደስ አይበልህ።

ዋናው ጠላት ንፋሱ ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም፤ ምክንያቱም የሚመጣው ሰው ሁሉ ለብርዱ ተዘጋጅቶ ለንፋሱ ሳይዘጋጅ ነው የሚመጣው። እዚህ ንፋስ የሚለካው በሜትር በሰከንድ ነው። በ3.6 ስታባዛው ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። 10 ከሆነ ትነዳለህ። 15 ሲደርስ እንደ ካምፐር ቫን ቁመቱ ረዘም፣ ጎኑም ሰፋ ላለ መኪና ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። 20 ሲደርስ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆንም አትንቀሳቀስ። መንገዱ በረዶ ከሆነ እኔ 15 ላይም አልወጣም። መንገድ ዳር ሙቀቱን፣ የንፋሱን አቅጣጫና ፍጥነቱን የሚያሳዩ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች አሉ። አንዳንዴ ሰሌዳው ላይ ተጨማሪ ቁጥር ታያለህ፤ ድንገተኛው ግፊት ነው። አንተ የምትወስነው በዚያ ቁጥር ነው። ሰሌዳው ንፋሱ 14፣ ግፊቱ 26 ካለህ፣ መኪናህን ከመንገድ የሚያስወጣው 26ቱ ነው።

ግፊቱ የሚመጣው ንፋሱ ተራራ ጫፍ ላይ ተከማችቶ በገደሉ ሲወርድ ነው። ከተራራ ከለላ ሥር በሰላም እየነዳህ ትመጣለህ፣ አንድ መታጠፊያ ታልፋለህ፣ ከዚያ ከጎን ይመታሃል። በመንገዳችሁ ላይ በዚህ የታወቁ ቦታዎች አሉ፦ ሴልያላንድስፎስ ከሚባለው ፏፏቴ አልፎ በኤይያፍዮትል ተራሮች ግርጌ ያለው መንገድ፣ ቪክ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ከመድረስህ በፊት ያለው የሬይኒስፊያል ዳገት፣ ከዚያም ስካፍታፌል አካባቢ ያለው ኦራይፊ። ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው ደግሞ ክያላርኔስና ሃፍናርፊያል። ሬይክያቪክ ፀጥ ብሎ ኦራይፊ መኪና ይገለብጣል። ትንበያውን ለተነሳህበት ከተማ ሳይሆን ለምታልፍባቸው ለእነዚህ ቦታዎች ተመልከት።

እባክህ የመኪናውን በር አደራ። ስታቆም የመኪናውን አፍንጫ ወደ ንፋሱ አዙር። ሁለታችሁም በአንዴ በር አትክፈቱ። አንድ እጅህን እጀታው ላይ፣ ሌላውን የበሩ ጠርዝ ላይ አድርግ፤ መጀመሪያ ጣት ታህል ብቻ ገርበብ አድርገህ የንፋሱን ጉልበት ሞክረው። ከኋላ የመጣ ንፋስ በሩን ነጥቆ ወደፊት ያጥፈዋል። ማጠፊያው ይጣመማል፣ በሩ ከዚያ ወዲያ አይገጥምም፣ እናንተም ለቀሪው ጉዞ በገመድ በታሰረ በር ብርድ እየገባባችሁ ትነዳላችሁ። የብዙ አከራዮች መደበኛ ኢንሹራንስ ይህን ጉዳት አይሸፍንም። በደቡቡ ዳርቻ ደግሞ ንፋሱ አሸዋና አመድ ይዞ ስለሚመጣ ቀለም ይልጣል፣ መስታወት ያደበዝዛል። ለዚህ ለብቻው የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ፤ እናንተ በምትሄዱበት በኩል ስለሆነ ግዙት።

ስለ ማደሪያ። አይስላንድ ውስጥ መኪና ያገኘው ቦታ አቁሞ ማደር ቀርቷል። ከ2015 ጀምሮ በተፈጥሮ ጥበቃ ሕጉ መሠረት፣ ካምፐር ቫንም ሆነ ተጎታች ይዞ ከተፈቀደ የካምፕ ቦታ ውጭ ማደር ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ አይቻልም። የነዳጅ ማደያ ግቢ፣ የፏፏቴ መኪና ማቆሚያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁሉም ያው ነው። ክረምት ላይ ችግሩ አብዛኞቹ የካምፕ ቦታዎች መዘጋታቸው ነው። ካርታ ላይ ምልክቱን አይተህ ትሄዳለህ፤ በሩ ተቆልፏል፣ ውሃው ተዘግቷል። ዓመቱን ሙሉ ከሚሠሩት ውስጥ የሬይክያቪኩና በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው የስካፍታፌሉ ለእናንተ መንገድ ይመቻሉ። ቢሆንም ከመነሳትህ በፊት በየቀኑ ለምታድርበት ቦታ ደውለህ ወይም ጽፈህ «ክፍት ነው? ኤሌክትሪክ አለ? ሽንት ቤቱ ይሞቃል?» ብለህ ጠይቅ። ካምፒንግ ካርድ የሚባለውን የቅናሽ ካርድ ግን አትግዛ፤ የሚሠራው ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው።

ኤሌክትሪኩን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። የመኪናው ሂተር ናፍጣ ቢጠቀምም ማራገቢያው የሚዞረው በሁለተኛው ባትሪ ነው። ያ ባትሪ የሚሞላው ስትነዳ ነው። ማዕበል መጥቶ አንድ ቦታ ሁለት ቀን ብትቆም ሂተሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። ብዙ ሰው ሌሊት በብርድ የሚነቃው እንዲህ ነው። ስለዚህ ማዕበል ሊመጣ ሲል መሰኪያ ያለበት ቦታ ቀድመህ ያዝ። በተለይ የመመለሻው ሁለት ሌሊቶች ጌስት ሃውስ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ ያዙ። ልብስ ይደርቃል፣ ወገብ ያርፋል፣ ባለቤትህም ታመሰግንሃለች።

ድንኳንስ? ካምፐሩ ይበቃችኋል፤ ድንኳኑን ቤት ተዉት። 20 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስበት ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ልምድ ላለው ሰው ነው።

መኪናው ውስጥ ያለው ሌሊት ምን እንደሚመስል ልንገርህ፣ ምክንያቱም ማንም አይነግርህም። ሁለት ሰው በጠባብ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ብዙ እርጥበት ያወጣል። ያ እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወትና ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ሂተሩ ከጠፋ ጠዋት መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋግሮ ታገኘዋለህ፤ የፍራሹ ጠርዝ ረጥቧል፣ ግድግዳ የነካው የስሊፒንግ ባጉ ጫፍ ቀዝቅዟል። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር እርጥብ እርጥብ ይሸታል። መፍትሔው በብርዱ ላይ ትንሽ አየር ማስገባት ነው። የጣሪያውን መክፈቻ በጥቂቱ ክፈት፣ ሂተሩን ዝቅ አድርገህ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፣ መስታወቱን ማታና ጠዋት በጨርቅ ጥረግ። እርጥብ ጃኬት መኝታው ውስጥ አታስገባ። ምግብ ስታበስሉ በር ገርበብ ይበል።

ጋዝ ምድጃውን ለማሞቂያ አትጠቀምበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃም። መኪናው ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከሌለው ራስህ ገዝተህ ይዘህ ና፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከመተኛትህ በፊት ደግሞ ወጥተህ የሂተሩን ጭስ ማውጫ ተመልከት። ንፋስ የሚያግዘው በረዶ በአንድ ሌሊት መኪና ሥር ይሞላል፣ ማውጫውንም ይደፍነዋል። ሌሊት ለሽንት ስትወጣም ዞር ብለህ እየው።

ስለ ምድጃው ጋዝ አንድ ነገር ልጨምር። ቡታን ብቻ ያለበት ቆርቆሮ ከዜሮ በታች አይነድልህም፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ተኝቶ ይቀራል። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። የክረምት ቅልቅል የሚባለውን ግዛ፤ እሱም ቢሆን ሙቅ ቦታ ይደር።

ስሊፒንግ ባግ ስትመርጥ ላዩ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ለይ። አንዱ ተመችቶህ የምትተኛበት ነው፣ ሌላው ተኮራምተህ የምታድርበት። በመጀመሪያው ቁጥር ምረጥ፤ ከዜሮ በታች 5 ወይም ከዚያ በታች የሚል ይሁን። አከራዮች የሚሰጡት ብርድ ልብስ ሂተሩ እስከሠራ ድረስ ነው የሚበቃው። ሂተሩ ሌሊት ቢቆምስ ብለህ ተዘጋጅ። ለልብስ ከሰውነት የሚነካው ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ አይሁን። ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትም ሱሪም ያስፈልጋል፤ ሱሪውን ሰው ይረሳዋል፣ ዝናቡ ግን በአግድም ነው የሚመጣው። ጫማ ሥር የሚጠለቅ የብረት ጥርስ ደግሞ ግድ ነው። ፏፏቴዎቹ ዙሪያ ያለው መንገድ ከሚረጨው ውሃ የተነሳ ድፍን በረዶ ነው።

መኪናውን ከመክፈልህ በፊት አከራዩን ጥቂት ነገር በጽሑፍ ጠይቅ። ሞተር ሳይነሳ የሚሠራ ሂተር አለው? ጎማው ምስማር ያለው የክረምት ጎማ ነው? ሕጉ በክረምቱ ወራት የክረምት ጎማ ያስገድዳል፣ ምስማር ያለውም ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 14 ይፈቀዳል። እኔ ምስማር የሌለው ይዘህ እንድትወጣ አልመክርም። 4 በ4 ካለ ጥሩ ነው፤ ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ፍሬን ላይ ግን አንድም አይጠቅምም፣ ንፋስ ላይም እንደዚያው። ከትልቁ ሞተርሆም ይልቅ ትንሹን ዝቅ ያለ ቫን ውሰድ። ጥበቱን ትለምደዋለህ፤ ንፋሱን አትለምደውም።

መንገዱ ላይ የዕለት ሥራህ ይህ ይሁን። ማታ ከመተኛትህ በፊት፣ ጠዋት ከመነሳትህ በፊት፣ በየቆምክበት ደግሞ፣ ሁለት ነገር ተመልከት፦ ቬዱር የሚባለውን የሜትዎሮሎጂ ገጽና ኡምፈርዲን የሚባለውን የመንገድ ካርታ። ማስጠንቀቂያው በቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ ይመጣል። ቢጫ ሲሆን ቀኑን አሳጥር ወይም ቁም፤ ብርቱካናማ ሲሆን ካለህበት አትነሳ። በስልክ መጠየቅ ከፈለግህ የመንገዶች ባለሥልጣን ቁጥር 1777 ነው፤ እንግሊዝኛ ይመልሱልሃል። የአደጋ ቁጥሩ 112 ነው፤ ያለህበትን ቦታ የሚልክ አፕም ስላለው ጫነው። መንገድ በአጥር ወይም በምልክት ከተዘጋ አልፈህ አትሂድ፤ ኢንሹራንስህም ይወድቃል። የሚፈልጉህ የነፍስ አድን ሰዎች ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ሥራና ልጆቻቸውን ትተው ነው በማዕበል የሚወጡት።

ጂፒኤሱን አትመነው። አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ አጭሩ በክረምት የተዘጋ ተራራ ሊሆን ይችላል። በኤፍ የሚጀምሩ የደጋ መንገዶች በሙሉ ዝግ ናቸው። በደቡቡ መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች ስላሉ ከሩቅ ፍጥነት ቀንስ፤ ቀድሞ የደረሰው ያልፋል፣ ከተጠራጠርክ አንተ ቁም። 90 የሚለው የፍጥነት ጣሪያ ለደረቅ አስፋልት ነው። የሰሜን ብርሃን የሚባለውን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ብታይም መንገድ መሀል አትቁም፤ መውጫ ፈልገህ ውጣ። ነዳጅ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሙላ። ብዙዎቹ ማደያዎች ሰው የላቸውም፣ ካርድ ከነሚስጥር ቁጥሩ ይጠይቃሉ።

ብርሃኑ ደግሞ ከምትፈራው ይሻላል። በዲሴምበር መጨረሻ ሬይክያቪክ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚኖረው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ግን 8 ሰዓት ተኩል ያህል ቀን አላችሁ። የሰሜኑ ብርሃን የሚታይበት ጨለማም ይተርፋችኋል። ወሩን ጥሩ መርጣችኋል።

ቀኖቹን እኔ ብሆን እንዲህ እከፍላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን መኪና ተረክበህ ሬይክያቪክ እደር፤ ከበረራ ድካም ጋር ሌሊት መንገድ አትግባ። የዚያን ምሽት የሳምንቱን ትንበያ ዘርግተህ እይና፣ ለምሥራቁ ጫፍ የሚሆኑትን ሁለት ጥሩ ቀኖች ምረጥ። ሌላው ሁሉ በእነሱ ዙሪያ ይደርደር። ቪክ ከሬይክያቪክ 187 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመንገድ ላይ ሴልያላንድስፎስና ስኮጋፎስ የሚባሉት ፏፏቴዎች አሉ። ከሴልያላንድስፎስ ጀርባ የሚያልፈው የእግር መንገድ በክረምት በበረዶ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘጋል፣ ገመዱን አትሻገሩ። ከቪክ ስካፍታፌል 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀል ላይ ባለችው ክላውስቱር መንደር ነዳጅና ምግብ አለ። ስካፍታፌል ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ ዮኩልሳርሎን፣ የበረዶ ግግሩ ተሰብሮ የሚንሳፈፍበት ሐይቅ፣ ከ1 ሰዓት በታች ነው። የበረዶ ዋሻ የምትገቡት ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። በኦገስት 2024 ብሬይዳመርኩርዮኩል በሚባለው የበረዶ ግግር ላይ በረዶ ተደርምሶ አንድ ጎብኚ ሞቷል፤ አስጎብኚው ዛሬ አንገባም ካለ አትከራከረው። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ተዉ። ባዶ ማለት ባዶ ነው፤ ማዕበሉ ይውሰደው። ማዕበል ካልመጣ የቲንግቬሊርን ብሔራዊ ፓርክና የጌይሲርን ፍል ውሃ ታዩበታላችሁ። የመጨረሻዋን ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት ኬፍላቪክ አካባቢ እደሩ።

ቪክ አጠገብ ያለው ጥቁሩ የባሕር ዳርቻ፣ ሬይኒስፊያራ፣ ሰው ገድሏል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ። ማዕበሉ ትንሽ ትንሽ እየመጣ ቆይቶ ድንገት አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ይወጣል፣ ሲመለስም እግር ሥር ያለውን ጠጠር ይዞ ይሄዳል። መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት አለ፤ ቀይ ከሆነ ወደ ውሃው አትውረዱ። መብራቱ ቢጫ ቢሆንም ለፎቶ ብላችሁ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ።

ሻወር ከቸገራችሁ በየከተማው ሙቅ የሕዝብ መዋኛ አለ፤ የክረምት ካምፒንግ እውነተኛ ደስታው እዚያ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ያለ ዋና ልብስ ታጥቦ መግባት ግዴታ ነው፤ ወንድና ሴት ለየብቻ ስለሆነ አትሳቀቁ።

ይህን ሁሉ አንብበህ አሁንም ልቤ ዙሩ ላይ ነው ካልክ ቢያንስ 12 ቀን ያዝ። ከዚያ ውስጥ 3ቱ ባዶ ይሁኑ። አስቸጋሪው ክፍል በምሥራቅ ከኤይልስታዲር ከተማ ወደ ሚቫትን ሐይቅ የሚያልፈው ደጋ ነው፤ ሰው አይኖርበትም፣ ቶሎ ይዘጋል። ወደ ኤይልስታዲር ስትሄድ ጂፒኤሱ ኦክሲ በሚባል ተራራ ሊያቋርጥህ ይሞክራል፤ በክረምት ዝግ ነው፣ በባሕሩ ዳር ባለው 1 ቁጥር ሂድ። በሰሜን አኩሬይሪ ከተማ አጠገብ ያለው ዋሻ መንገድ ክፍያ አለው፤ ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ በኢንተርኔት ትከፍላለህ። በአየሩ ሁኔታ ቀኝ ወይም ግራ ዞር፤ በስንተኛው ቀን የት እንደርሳለን የሚለውን ግን አስቀድመህ አትወስን፣ ማደሪያም እንዲሰረዝ አድርገህ ብቻ ያዝ።

አከራዩ የመኪናውን ዓይነትና የኢንሹራንሱን ዝርዝር ሲልክልህ ከመክፈልህ በፊት ላክልኝ። የትኛው ጉዳት እንደተተወ አብረን እናየዋለን።